ምድር ለምድር የሚንሰራፋውን ወርቃማ ጥድ በአዲስ አበባ ግቢ እንዴት ማሳደግ ይቻላል?

ጥድ ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታሰበን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሽቅብ የቆመው የሐበሻ ጥድ ነው። ከዘመዶቹ መካከል ግን ቁመታቸው ከጉልበት ሳያልፍ፣ ምድር ለምድር እየተንሰራፉ እስከ 2 ሜትር የሚሰፉና የቅጠላቸው ጫፍ ወርቃማ የሆነ ዝርያዎች አሉ። ካናዳንና ሰሜናዊ አሜሪካን የመሰለ ብርዳም አገር የለመዱት እነዚህ ተክሎች በረዶ ተጭኗቸው ስለሚከርሙ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያሉት የፒያሳና የአራት ኪሎ ግቢዎች የኅዳር ብርድ አያሳስባቸውም። እዚህ የሚገድላቸው የሐምሌና የነሐሴ ውኃ ነው።

ችግኝ ሲገዙ በስሙ ብቻ አይተማመኑ፤ በከተማችን «የፈረንጅ ጥድ» የሚባለው ሌላ ረጅም ዛፍ ነውና። አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ያወጣውን ትተው፣ ከሥሩ ጀምሮ በርከት ያሉ ቅርንጫፎችን ወደ ጎን የዘረጋውን ይምረጡ።

ቦታው በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ መሆን አለበት፤ ጥላ ሥር የዋለ ወርቃማ ጥድ አረንጓዴ ይሆናል። ዙሪያው በፎቅ በተከበበ ግቢ ውስጥ ጥላው የት እንደሚያርፍ ጠዋትም ከሰዓትም መመልከት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ አፈሩን ይፈትሹ። አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ይሙሉበት፤ ውኃው አድሮም ካልሰረገ አፈሩ ዋልካ ነውና እዚያው አይትከሉ። ይልቁንም ቀይ አፈርን ከደቃቅ ገረጋንቲ ጋር ቀላቅለው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ይሥሩ። ብዙ ሰው ጉድጓዱ ሥር ጠጠር ያነጥፋል፤ በዋልካ ውስጥ ግን ይህ ውኃ ከማጠራቀም በቀር ጥቅም የለውም።

ችግኝ በሐምሌ መትከል የለመድነው ነገር ቢሆንም፣ ለዚህ ተክል ዝናቡ የሚቀንስበትን የመስከረም መጨረሻ እመርጣለሁ። ፕላስቲኩን ቀደው ካወጡት በኋላ ተጠምጥመው የቆዩትን ሥሮች በጣት ይፍቱ፤ ጉድጓዱ ከሥሩ እጥፍ ይስፋ እንጂ አይጥለቅ፤ ግንዱ ሥር ከሚወጣበት ቦታ በላይ አፈር አያልብሱት። በችግኞች መካከል 1.5 ሜትር ይተዉ፤ መጀመሪያ ላይ ባዶ ቢመስልም በጊዜ ይሞላል። የመጀመሪያውን በጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠለቅ አድርገው ያጠጡ፤ ከዚያ በኋላ አፈሩ አንድ ጣት ያህል ጠልቆ ሲደርቅ ብቻ ይበቃል።

መግረዝ ላይ ጥንቃቄ ይሻል። እኔ በአንድ ወቅት መንገድ የዘጋብኝን ቅርንጫፍ ቅጠል እስከሌለበት እንጨቱ ድረስ ቆርጬው፣ ጥድ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት ዳግመኛ ስለማያቆጠቁጥ፣ የጀበና ማቶት የሚያህል ቀዳዳ እስከ ዛሬ ሳይሸፈን ቀርቷል። መቀሱ ሁልጊዜ ቅጠል ያለበት ክፍል ላይ ይረፍ። ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የወጣ ቅርንጫፍ ካለ ግን ከመነሻው ይወገድ፤ ከወርቃማው ይልቅ ስለሚጠነክር ተክሉን ሊያሸንፈው ይችላል።

ሰርዶ ከቅርንጫፎቹ ሥር ከገባ መንቀሉ ፈተና ነው፤ ቅጠሉ ይዋጋል። ስለዚህ ከመትከልዎ በፊት የሰርዶውን ሥር ለቅመው ይጨርሱ፤ ከተከሉ በኋላም ዙሪያውን ገረጋንቲ አልብሰው፣ ብቅ የሚለውን ሳይሰድ በጓንት ይንቀሉ።