የጃቫ ዌብ ሲስተም ሲነሣ በሎግ አዘገጃጀት ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ላይ በደንበኛው ቢሮ የተቀመጠ ሰርቨር ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማንም ሳያየው ሊነሣ ይችላል፤ ጠዋት ሠራተኞች ገብተው ሲስተሙ አልከፍት ካላቸው፣ የሆነውን የሚነግረን ሲነሣ የጻፈው ሎግ (የሥራው መዝገብ) ነው። ስለዚህ ሎጉ ከሌላው ኮድ ሁሉ ቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ሎጉን ዘግይቶ ማዋቀር ነው። ብዙዎች ይህን ሥራ ለሰርቭሌት ወይም ለኮንቴክስት ሊስነር (ዌብ ሲስተሙ ሲነሣ ወይም ጥያቄ ሲመጣለት ለሚሠሩ የጃቫ ክፍሎች) ይሰጣሉ፤ ሆኖም ስታቲክ ሎገር (ከክላሱ ጋር አብሮ የሚፈጠር የሎግ ጸሐፊ) ያለው ክላስ ገና ሲጫን የሎግ ፍሬምወርኩን (ሎጉን የሚጽፈውን ላይብረሪ) ያስነሣዋል፤ ፍሬምወርኩም ያኔ ያገኘውን የኮንፊገሬሽን ፋይል፣ ካጣም የራሱን ነባሪ (ካልተነገረው በራሱ የሚጠቀምበትን አወቃቀር) ይዞ ይቀጥላል። ነባሪው ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም፦ ሎግፎርጄ 2 የተባለው ፍሬምወርክ ኤረር (ስህተት)ና ከዚያ በላይ የሆነውን ብቻ ኮንሶል ላይ ሲጽፍ፣ ሎግባክ የተባለው ሌላው ከዲበግ (ከዝርዝር የመመርመሪያ መልእክት) ጀምሮ ያለውን ሁሉ ያወጣል። መፍትሔው ፋይሉን ፍሬምወርኩ በሚፈልገው ስም ክላስፓዝ (ጃቫ ክላሶችንና ፋይሎችን የሚፈልግበት ቦታ) ላይ ማስቀመጥ ነው። ቦታውን በጄቪኤም (ጃቫን በሚያስኬደው ፕሮግራም) ሲስተም ፕሮፐርቲ መጠቆምም ይቻላል፤ ነገር ግን በአንድ ቶምካት (የጃቫ ዌብ ሰርቨር) ላይ ብዙ ሲስተሞች ካሉ ሁሉንም ስለሚነካ እኔ አልመርጠውም። በስፕሪንግ ቡት (በጃቫ ሲስተም መሥሪያ ፍሬምወርክ) የሚሠራ ሰው ደግሞ ሎጉ ከአፕሊኬሽን ኮንቴክስቱ (የሲስተሙን ክፍሎች ከሚያዘጋጀው አካል) በፊት ስለሚነሣ፣ በፕሮፐርቲ ሶርስ አኖቴሽን (ኮድ ውስጥ የፕሮፐርቲ ፋይልን በሚጠቁም ምልክት) የሚጫን እሴት ሎጉን ሊቆጣጠር እንደማይችል ይወቅ።

ሁለተኛው የሎግ ፋይሉን ቦታ ሙሉ አድራሻ ሳይሰጡ መተው ነው። እንዲህ ያለ አድራሻ የሚቆጠረው ፕሮሰሱ ከተነሣበት ፎልደር በመሆኑ፣ በእጅ ሲያስነሡት አንድ ቦታ የጻፈው ሲስተም፣ ከመብራት መቋረጥ በኋላ እንደ ሰርቪስ ሲነሣ ሌላ ቦታ ሊጽፍ፣ ወይም የመጻፍ ፈቃድ አጥቶ ምንም ሳይጽፍ ሊቀር ይችላል።

ከኤስኤልኤፍፎርጄ (ኮዱን ከሎግ ላይብረሪ ጋር ከሚያገናኘው መካከለኛ) ሥር ሁለት የሎግ ላይብረሪዎችን አብሮ ማስገባትም የተለመደ ነው፤ አንዱ ብቻ ስለሚመረጥ የሌላው ኮንፊገሬሽን ሳይነበብ ይቀራል። የዚህ ማስጠንቀቂያ ሲስተሙ ሲነሣ ስለሚጻፍ አይለፉት።

የሰዓት ቀጠናም አይዘንጋ። ደንበኛው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቆመ» ሲል፣ በአዲስ አበባ ሰዓት የተዋቀረ ሎግ 09:00፣ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የተዋቀረው ደግሞ 06:00 ይላል፤ ቀጠናው በእያንዳንዱ መስመር ላይ ካልተጻፈ ፈላጊው የተሳሳተ ሰዓት ሲመረምር ይውላል።

በመጨረሻም የፍሬምወርኩን የራሱን መልእክት አያፍኑ። ኮንፊገሬሽኑ ላይ የታግ ስህተት ካለ ይህን የሚናገረው ፍሬምወርኩ ራሱ ስለሆነ፣ የሎግፎርጄን የስታተስ ደረጃ ቢያንስ ዋርን (ማስጠንቀቂያ) ላይ ያድርጉት፤ በሎግባክም የስታተስ ሊስነር (የፍሬምወርኩን የራሱን መልእክት የሚያወጣ ክፍል) ያስገቡ።