የኮምፕረሰሩን ውሃ ሳታፈሱ ፕላዝማ አትለኩሱ
ኮምቦልቻ ውስጥ በሲኤንሲ ፕላዝማ (በኮምፒውተር እየተመራ በኤሌክትሪክ ቅስትና በታመቀ አየር ብረት በሚቆርጥ ማሽን) ላሜራ ለምትቆርጡ፣ በተለይ በክረምት። ጠዋት ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የኮምፕረሰሩን ታንክ ከሥር ክፈቱና ውሃውን አፍስሱ። እኔ ችላ ብዬው በአንድ ቀን ሦስት ኖዝል (እሳቱ የሚወጣበት የመቁረጫው ጫፍ) ተበላብኝ። የኖዝሉ ክብ ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ነበር፤ ቁርጡም ወደ ጎን ያዘመመ። ማሽኑ ተበላሸ ብዬ ስንት ሰዓት ለፋሁ! ለካ ጥፋቱ ከኮምፕረሰሩ የሚመጣው እርጥብ አየር ነው። ደሴ ያላችሁ ጉሙን ታውቁታላችሁ፤ ማታም ድገሙት።

ሌላው የቶርቹ (ኖዝሉን የሚይዘው የመቁረጫው ራስ) ከላሜራው በላይ ያለው ከፍታ ነው። ሲበሳና ሲቆርጥ እኩል አይሁን። የመቁረጫው 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ የመብሻውን 3 አካባቢ አድርጉት። አለዚያ የቀለጠው ብረት ወደ ላይ ተፈናጥሮ ኖዝሉ ላይ ይጋገራል።

የግራውንዱን (የኤሌክትሪክ መመለሻ ገመዱን) መቆንጠጫ ደግሞ ዝገት ላይ ሳይሆን ተፍቆ በጸዳ ላሜራ ላይ እሰሩት።