ደብረ ብርሃን ሆኖ ከቤት ለሚሠራ ፍሪላንሰር

ከቤት ስለመሥራት የሚጻፈውን ምክር አብዛኛውን ብርድ የማያውቅ ሰው የጻፈው ይመስለኛል። በጠዋት ተነሱ፣ ልብስ ቀይሩ፣ ጠረጴዛችሁ ላይ ቁጭ በሉ ይላል። ጥሩ ነው። ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ኪቦርድ ነክታችሁ ታውቃላችሁ? ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ነው የሚነጋው። ጣት አይታዘዝም። ስለዚህ እኛ ጋ ነገሩ የሚጀምረው ከሙቀት ነው።

ጭንቅላት የሚፈልገውን ሥራ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ አድርጉት፣ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ማለዳውን ለኢሜይልና ለቀላል ነገር ተዉት። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ካለ እሱን ያዙ፤ ጠረጴዛውን ግን መስኮቱ በጎን እንዲሆን አዙሩት፣ አለዚያ ብርሃኑ ዓይን ያደክማል። ጋቢ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ መጻፍም አይሆንም። ክንዳችሁን ባነሳችሁ ቁጥር ይንሸራተታል፣ እሱን ስትሰበስቡ ሐሳባችሁ ይበተናል። ከላይ ወፍራም ሹራብ ልበሱ፣ ጋቢውን ጉልበታችሁ ላይ አድርጉት። ከእግራችሁ ሥር አጎዛ ወይም አሮጌ የመንዝ ባና አንጥፉ፣ የሲሚንቶ ወለል ቀልድ አያውቅም። (ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ይህን ዝለሉት፤ እናንተማ ሙቀቱ ሳይበረታ ማለዳውን ነው መሻማት ያለባችሁ።)

ከሰል ላይ ግን ድርድር የለም። በርና መስኮት ዘግቶ ምድጃ አጠገብ መሥራት አይሞከርም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲጀምራችሁ "ስክሪን ላይ ስላፈጠጥኩ ነው" ትላላችሁ፣ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ ወጥቶለት፣ ፍም ሆኖ ቢገባም ጋዙ አይቀርም። እንዲህ ከተሰማችሁ ፋይል ሴቭ ላድርግ ሳትሉ ውጡ። ማታ ደግሞ ምድጃው ውጭ ይደር።

ሁለተኛው ጣጣ ሰው ነው። ቤት የዋለ ሰው ሥራ ፈት ነው፣ በቃ። "አንተ፣ እቤት አይደለህ እንዴ? እስቲ ይቺን ወፍጮ ቤት አድርስልኝ።" ለእማዬ ስለ ክላየንትና ስለ ዴድላይን ማስረዳት ትርፉ ድካም ነው። ይልቅ ሰዓት ንገሯት። "እስከ 6 ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፣ ከዚያ እታዘዛለሁ።" 6 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሳትጠራችሁ ተነሱና እህሉን አንሱ። ቃላችሁን ከጠበቃችሁ እሷ ራሷ "ተዉት፣ ሥራ ላይ ነው" እያለች ጎረቤቱን ትመልስላችኋለች። ቡናውንም አትሽሹት፣ እረፍታችሁ አድርጉት። አቦል ላይ ድረሱ፣ ተጫወቱ፣ ሥራ ካለ ቶናን ሳትጠብቁ አመስግናችሁ ውጡ። የማታውን ቡና ግን ተዉት፤ የጠጣችሁት ካፌይን ግማሹ 5 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም ሰውነት ውስጥ ነው።

ለቅሶስ? ይኬዳል። የጎረቤት ቀብር ቀን ላፕቶፕ ላይ የሚውል ሰው እዚህ አገር መኖር አይችልም። ስለዚህ ከክላየንት ጋር ቀን ስትቆርጡ ለእንዲህ ያለው የሚሆን አንድ ሁለት ቀን ጨምሩ። ቀድማችሁ ካስረከባችሁ ማን ይጠላል?

ሰዓቱ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ለንደን ከእኛ በእነሱ ክረምት በ3፣ በበጋቸው በ2 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ ከእነሱ ጋር መሥራት ቀላል ነው። ኒውዮርክ ግን በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ትዘገያለች። የእነሱ ጠዋት ሲጀምር እኛ ጋ 10 ወይም 11 ሰዓት ሆኗል፣ ሊመሽ ነው። ለዚህ ብሎ በየቀኑ ሌሊቱን መቀመጥ ሰው ያሳምማል። ስብሰባ ካለ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ይሁን በሉ፣ ቀሪውን በጽሑፍ ጨርሱ። አብዛኞቹ እሺ ይላሉ።

ወገብና ዓይን ላይ ብዙ አልልም። ላፕቶፑን መጻሕፍት ደርድራችሁ ወደ ዓይናችሁ ከፍታ አንሱት፣ ኪቦርድ ለብቻው ግዙ። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ቢያንስ 6 ሜትር ራቅ ያለ ነገር ተመልከቱ። ውኃ ጠጡ፣ ብርድ ጥሙን ያስረሳል።

መብራትን በተመለከተ፣ ላፕቶፑንም ፓወር ባንኩንም ማታ ማታ ሞልታችሁ እደሩ፣ ስልካችሁ ላይ ለሆትስፖት የሚሆን ፓኬጅ አይጥፋ። አዲስ ሥራ ስትጀምሩም ለክላየንቱ "ያለሁበት አካባቢ መብራት አልፎ አልፎ ይጠፋል፣ ሲጠፋ በስልኬ አሳውቅሃለሁ" ብላችሁ ገና በመጀመሪያው ቀን ጻፉለት፤ የሠራችሁትንም እስኪያልቅ ሳትጠብቁ በየማታው ላኩለት።