አኮን ረግጣችሁ ሳታዩዋት እንዳትመለሱ

በሰሜን እስራኤል ባሕር ዳር ያለችው አሮጌ ከተማ አኮ ደርሶ የመጣ ሰው ስለ ሁለት ነገር ያወራል። ስለ ሁሙሱ (የተፈጨ ሽምብራ ነው) እና ስለ ባሕሩ። ሁሙሱ ይጣፍጣል፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ከሃይፋ ባቡር ይዞ በግማሽ ሰዓት ገደማ እዚያ የደረሰ ሰው፣ የስንት መንግሥት ታሪክ ረግጦ አልፎ፣ ስልክ ሙሉ ፎቶ ብቻ ይዞ ሲመለስ ያናድዳል። እስራኤል ዘመድ ልትጠይቁ ወይም ልትሳለሙ የምትሄዱ፣ ወይም እዚያው እየኖራችሁ «አንድ ቀን እሄዳለሁ» የምትሉ ካላችሁ፣ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ስህተት ግንቡ ላይ ነው። በየብስ በኩል ያለውን ወፍራም ግንብ ያየ ሁሉ «የመስቀል ጦረኞች ግንብ» ይላል። አይደለም። የእነሱ ከተማ በ1291 በግብፅ ገዥዎች፣ በማምሉኮች እጅ ወድቃ ፈርሳለች። ለዘመናት ፍርስራሽ ሆና ከቆየች በኋላ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዳሂር አል ዑመር የሚባል የገሊላ ገዥ አቃናት፣ ግንብም አሠራላት። ከእሱ በኋላ የኦቶማን ቱርክ ሹም የሆነው ጀዛር ፓሻ መጣ። ናፖሊዮን በ1799 ሁለት ወር ያህል ከቧት ሊይዛት ያልቻለው በጀዛር ጊዜ ነው። ከባድ መድፎቹ በባሕር ሲመጡለት እንግሊዞች መንገድ ላይ ማረኩበትና በገዛ መድፉ ተኮሱበት፤ በዚያ ላይ ወረርሽኝ ወታደሩን ፈጀው። እሱ ከሄደ በኋላ ጀዛር «ሰውዬው ቢመለስስ» ያለ ይመስል ያን ወፍራም ግንብ አስገነባ።

ታዲያ የመስቀል ጦረኞቹ ከተማ የት ሄደ? እግራችሁ ስር ነው። ሁለተኛው ስህተት እዚህ ላይ ነው፤ ለትኬት ሳስቶ ከላይ ከላይ ዞሮ መመለስ። የኦቶማን ዘመን ሰዎች ፍርስራሹን ጠርገው አልጣሉትም፣ አፈር ሞልተው በላዩ ላይ ሠሩ። ስለዚህ ውረዱ። ሆስፒታለር የሚባለው የመስቀል ጦረኞች ማኅበር ፈረሰኞች ይመገቡበት የነበረው አዳራሽ ውስጥ ሦስት ግዙፍ ክብ ዓምዶች ጣሪያውን ተሸክመው ቆመዋል። አብዛኛው ሰው ዓምዱን አቅፎ ፎቶ ይነሳና ይወጣል። እናንተ ጥግ ጥጉን፣ ቅስቱ ከግድግዳው የሚነሳበትን ቦታ ቀና ብላችሁ እዩ። ሁለት ጥግ ላይ የፈረንሳይ ነገሥታት ምልክት የሆነው የሊሊ አበባ ድንጋዩ ላይ ተቀርጿል። ሌላው የፈረሰኞች ማኅበር የነበሩትን የቴምፕላሮቹንም ዋሻ እንዳትዘሉት። ከምሽጋቸው እስከ ወደቡ የሚዘልቅ 350 ሜትር ገደማ መንገድ ነው። የተገኘው በ1994 ነው፣ ያውም በቧንቧ ምክንያት። የአንድ ቤት የቆሻሻ ውኃ መስመር ተዘግቶ ሲቆፈር ነው የወጣው!

ሌላው ደግሞ የራስን ታሪክ ብቻ ፈልጎ መሄድ ነው። የሐዋርያት ሥራ 21 ላይ ጳውሎስ ከጢሮስ መጥቶ አንድ ቀን የቆየባት ከተማ ይቺ ናት፤ ለእሱ ብላችሁ ብትሄዱ አልፈርድባችሁም። ግን በሆስፒታለሮቹ አዳራሽ ላይ የቆመውን ምሽግ እስቲ እዩት። ከታቹ የፈረሰኞቹ አዳራሽ ነው፣ ከላዩ የኦቶማን ግንባታ። በ1868 የባሃኢ እምነት መሥራች ባሃኡላህ በግዞት መጥቶ እዚያ ታስሯል፤ ዛሬ ባሃኢዎች ሲጸልዩ ፊታቸውን የሚያዞሩት ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወዳለው መቃብሩ ነው። በኋላ እንግሊዞች እስር ቤት አደረጉት፣ የአይሁድ የኅቡዕ ታጋዮችን ሰቀሉበት። በግንቦት 1947 ከእነዚሁ የኅቡዕ ቡድኖች አንዱ የሆነው ኢርጉን ግድግዳውን አፍርሶ እስረኞች አስመለጠ። ይሄ ሁሉ አንድ ሕንፃ ላይ ነው።

ድንጋዩ ሁሉ የአኮ ነው ብላችሁም አትመኑ። ጀዛር በ1784 ያሠራው የነጋዴዎች ማደሪያ፣ ካን አል ዑምዳን፣ የቆመባቸው የግራናይት ዓምዶች ከቂሣርያ ፍርስራሽ የመጡ ናቸው። በተገላቢጦሽ የማምሉኩ ሱልጣን አል አሽራፍ ኸሊል የአኮን ቤተ ክርስቲያን በር ነቅሎ ካይሮ ወስዶታል፤ እስከ ዛሬ እዚያ የአንድ መድረሳ (የእስልምና ትምህርት ቤት) መግቢያ ሆኖ ቆሟል። ካይሮ ስታልፉ እዩት።

የቀን ነገርም አለ። «ቅዳሜ ሁሉም ዝግ ነው» ብሎ መቅረት ስህተት ነው። በአሮጌው ከተማ የሚኖረው በብዛት ዓረብ ስለሆነ ቅዳሜ ገበያው ይደምቃል። የማይሠራው ባቡሩ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት ቆሞ ቅዳሜ ማታ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ሌላ መጓጓዣ አስቡ። የጀዛርን መስጊድ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ዓርብ ቀትር ላይ አትሂዱ፣ ስግደት ነው። ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፣ ለሴቶች ፀጉርም። ነጠላ ከያዛችሁ አለቀ።

ባሕር ዳር ያሉ ልጆች ከግንቡ ጫፍ ወደ ውኃው ሲዘሉ ታያላችሁ። አጨብጭቡላቸው። ከታች ድንጋይ ስላለ እናንተ ግን አትሞክሩት።