ያዩትን ብቻ መመስከር፦ የሊኑክስ ከርነል ፓች እንዴት ይገመገማል?

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮድ ከሚጽፉ ወጣቶች ጋር ስገናኝ ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ ለሊኑክስ ከርነል (መሣሪያውንና ፕሮግራሞችን ለሚያገናኘው የሊኑክስ እምብርት) አስተዋጽኦ ማድረግ ከየት ይጀመራል የሚል ነው። ብዙዎቹ ኮዱን በሚያብራራ መስመር (ኮሜንት) ውስጥ ያገኙትን የፊደል ግድፈት አርመው የመጀመሪያ ፓቻቸውን፣ ማለትም የለውጥ ጽሑፋቸውን፣ ለመላክ ይቸኩላሉ፤ ፓቹ ይገባል ወይም መልስ ሳያገኝ ይቀራል፣ እነርሱም በዚያው ያቆማሉ። እኔ በበኩሌ አስቀድሞ የሌሎችን ፓች መገምገምን እመክራለሁ። ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ የሆነው ይህ ኮድ ጸሐፊ አላጣም፤ ያጣው ተረጋግቶ የሚያነብ ሰው ነው። ለመገምገም የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ ፓቹ በይፋ በኢሜይል ስለሚላክ ማንም ሰው አንብቦ መልስ ሊሰጥበት ይችላል።

አሠራሩ ለእኛ አካባቢ የሚመችበት ሌላም ምክንያት አለ። ፓች የተለወጡትን መስመሮች ብቻ የያዘ ተራ ጽሑፍ ነው፤ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት የተባለ ፕሮግራምም የከርነሉን ታሪክ በሙሉ ላፕቶፑ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ኔትወርክ ቢቋረጥም ማንበብ፣ ከድሮው ጋር ማወዳደርና ኮምፓይል ማድረግ (ኮዱን ማሽን ወደሚያስኬደው ፕሮግራም መቀየር) ይቻላል። የሚያስቸግረው ጊጋባይት የሚበላው የመጀመሪያው ማውረድ ነው። ስለዚህ ደኅና መስመር ያገኘ አንድ ሰው ያውርድና ለሌሎቹ በፍላሽ ያዳርስ፤ ጊት ታሪኩን ሁሉ በአንድ ፋይል የሚጠቀልል «በንድል» የተባለ ትእዛዝ አለው። እኛ ስድስት ሆነን የጀመርነው በአንድ ፍላሽ ነበር።

የሚገመግሙትን ክፍል ሲመርጡ ከሚያውቁት ይጀምሩ። በከርነሉ ዋና ማውጫ ውስጥ «ሜንቴይነርስ» የሚባል ፋይል ይገኛል፤ እያንዳንዱ ክፍል በማን ኃላፊነት ሥር እንዳለና ፓቹ ለማን እንደሚላክ ተዘርዝሮበታል። የሜሞሪ አስተዳደርን ወይም የፕሮሰስ ድልደላን የመሰለውን ክፍል ለጊዜው ይተዉት፤ ለጀማሪ የሚሻለው ድራይቨር፣ አንድን መሣሪያ የሚያሠራው ኮድ፣ ነው፣ በተለይም መሣሪያው በእጅዎ የሚገኝ ከሆነ። እኛ ዘንድ በየቢሮውና በየቤቱ ገና የሚሠሩ አሮጌ ላፕቶፖችና የዋይፋይ ካርዶች ኮዱን የጻፉት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ዛሬ አይገኙም። ይህን እንደ ድህነት ብቻ የሚያየው ብዙ ነው፤ ለገምጋሚ ግን ሀብት ነው። ፓቹን ጭኖ፣ ማሽኑን አጥፍቶ አብርቶ፣ ካርዱ እንደ ቀድሞው መሥራቱን ያየ ሰው ማንም ሊሰጥ የማይችለውን መረጃ ይዟል።

የጊዜውንም ነገር ማወቅ ይጠቅማል። አዲስ የከርነል እትም በየ9 ወይም በየ10 ሳምንቱ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት አዳዲስ ነገሮች ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የሙከራ እትም እየወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 7ኛው፣ አንዳንዴም እስከ 8ኛው ድረስ ስሕተት ብቻ ይታረማል። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት የክፍሉ ኃላፊዎች ሥራ ስለሚበዛባቸው ለአዲስ ፓች የተጻፈ አስተያየት መልስ ቢዘገይ ቅር አይሰኙ።

ፓቹን ሲከፍቱ ዓይንዎ ወደ ኮዱ መሮጡ አይቀርም፤ ቢሆንም ከኮዱ በላይ የተጻፈውን መልእክት ያስቀድሙ። መልእክቱ ችግሩ ምን እንደነበረ፣ ተጠቃሚው ዘንድ እንዴት እንደታየና ይህ መፍትሔ ለምን እንደተመረጠ ሊናገር ይገባል። «ፈንክሽኑ ላይ ምርመራ ጨመርኩ» የሚል መልእክት ኮዱ ራሱ የሚናገረውን ከመድገም አያልፍም። ፓቹ ያረመው ስሕተት መቼ እንደገባ ከታወቀም «ፊክስስ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የጥፋተኛው ኮሚት (በጊት የተመዘገበው ለውጥ) መለያ የመጀመሪያ 12 ፊደላትና አርእስቱ ይጻፋሉ። ይህን መስመር ካዩ የተጠቀሰውን ኮሚት በጊት ከፍተው ስሕተቱ እውነት ከዚያ መጀመሩን ያረጋግጡ፤ ወደ ድሮ እትሞች መመለስ ያለባቸውን እርማቶች የሚመርጡት ሰዎች ይህን መስመር ስለሚከተሉ፣ የተሳሳተ መለያ እርማቱን ወደማይመለከተው እትም ይወስደዋል፣ ወይም ከሚያስፈልገው ያስቀረዋል።

ቀጥሎ ፓቹ አንድ ነገር ብቻ መሥራቱን ይመልከቱ። ስሕተት እያረመ በመንገዱ ስም የሚቀይርና ባዶ ቦታ የሚያስተካክል ፓች ተከፋፍሎ እንዲመጣ ይጠይቁ። በተከታታይ ከተላኩት እያንዳንዱ ለብቻው ኮምፓይል መሆን አለበት፤ ምክንያቱ ክርክር ሳይሆን ሒሳብ ነው። ስሕተት ሲፈለግ ጊት የኮሚቶቹን ዝርዝር እያጋመሰ ስለሚሞክር ከ1,000 ኮሚት መካከል ጥፋተኛውን በ10 ሙከራ ገደማ ያገኘዋል፤ መሐል ላይ ኮምፓይል የማይሆን ኮሚት ካጋጠመ ግን ፍለጋው እዚያ ላይ ይደናቀፋል።

አሁን ወደ ኮዱ እንሂድ። ከሁሉ አስቀድሜ የማስጠነቅቀው ፓቹን ብቻ አንብቦ መፍረድን ነው። ጊት ከተለወጠው መስመር በላይና በታች የሚያሳየው 3 መስመር ብቻ ነው፤ ስሕተቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ከዚያ ውጭ ነው። አንድ ምሳሌ እንይ። መሣሪያው ሲገኝ የሚጠራው «ፕሮብ» የተባለ ፈንክሽን መጀመሪያ ክሎኩን (ለመሣሪያው የሥራ ምት የሚሰጠውን) ያበራል፣ ቀጥሎ ኢንተራፕት (መሣሪያው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን ምልክት) ይይዛል፣ በመጨረሻ መሣሪያውን ያስመዘግባል። አዲሱ ፓች በክሎኩና በኢንተራፕቱ መካከል የመሣሪያውን መለያ ቁጥር የሚያነብ አራት መስመር ያስገባል፤ ንባቡ ካልተሳካም «ሪተርን» ብሎ የስሕተቱን ቁጥር ይዞ ይወጣል። አራቱ መስመሮች ለብቻቸው ሲታዩ እንከን የላቸውም። ፋይሉን ከፍተው ፈንክሽኑን ከራስጌው እስከ ግርጌው ሲያነቡት ግን ንባቡ በከሸፈ ቁጥር ክሎኩ እንደበራ እንደሚቀር ይገባዎታል። ትክክለኛው መንገድ በ«ጎቱ» ወደ ፈንክሽኑ ግርጌ መዝለል ነበር፤ የከርነል ጸሐፊዎች የተያዘውን ሁሉ በተያዘበት ቅደም ተከተል በተቃራኒው የሚለቁት እዚያ ነው። (ትምህርት ቤት «ጎቱ» ነውር ነው ተብሎ የተማረ ሰው እዚህ ይገረማል፤ በከርነሉ ውስጥ ግን ለጽዳት የሚመረጠው እርሱ ነው።) ይህን ከመጻፍዎ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ያጣሩ፦ ክሎኩ የበራው «ዴቭኤም» ብለው ከሚጀምሩት ፈንክሽኖች በአንዱ ከሆነ፣ ፕሮቡ ሲከሽፍ ከርነሉ ራሱ ያጠፋዋል፤ አስተያየትዎም ከንቱ ይሆናል። እኔ ከምጽፋቸው አስተያየቶች ብዙዎቹ እንዲህ ባለ ማጣራት ሳይላኩ ይቀራሉ፤ የጠፋ ጊዜ አልለውም።

ከስሕተት መውጫው ቀጥሎ ሎክን፣ ሁለት ሥራዎች አንድን ዳታ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚከለክለውን ቁልፍ፣ ይመልከቱ። ስፒንሎክ የተባለውን ዓይነት የያዘ ኮድ መተኛት፣ ማለትም ሌላ ነገር እየጠበቀ ሥራውን ማቆም፣ አይችልም። በሎኩ ውስጥ ሜሞሪ የሚጠይቅ መስመር ካዩ በምን ዓይነት እንደጠየቀ ይዩ፤ «ጂኤፍፒ ከርነል» የሚለው ጥያቄ ሜሞሪ እስኪገኝ ጠያቂውን ሊያስተኛው ስለሚችል እዚያ ቦታ ስሕተት ነው። «ጂኤፍፒ አቶሚክ» ተብሎ ይቀየር የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል፤ እኔ ግን ቢቻል ጥየቃው ከሎኩ በፊት እንዲወጣ ማሳሰብን እመርጣለሁ፣ አቶሚኩ መጠበቅ ስለማይችል ሜሞሪ ሲጠብ ቶሎ ይከሽፋልና።

ፓቹ ፕሮግራሞች የሚያዩትን ነገር፣ ለምሳሌ ሲስተም ኮልን (ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠይቅበትን ጥሪ) ወይም ድራይቨሩ የሚያወጣውን ፋይል የሚነካ ከሆነ ጥንቃቄው ይጠነክራል። ትናንት የሚሠራ ፕሮግራም ዛሬ በከርነሉ ምክንያት መሥራት ማቆም የለበትም የሚለው ሕግ የከርነሉ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ከማይደራደርባቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ አንድ ጊዜ የወጣ ነገርም ለዘለቄታው ይኖራል ተብሎ መታሰብ አለበት።

ትንንሽ ምልክቶችንም ቀስ ብለው ያንብቡ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2003 ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የሊኑክስ ኮድ ቅጂ ወደተቀመጠበት ሰርቨር ገብቶ ሁለት መስመር ጨምሮ ነበር። መስመሩ የተጠቃሚው መለያ ቁጥር ዜሮ መሆኑን የሚጠይቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በማነጻጸሪያው «==» ፈንታ የተጻፈው «=» ነበር፤ እርሱም አይጠይቅም፣ ቁጥሩን ራሱን ዜሮ ያደርገዋል። ዜሮ የ«ሩት»፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ፣ ቁጥር በመሆኑ፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው በአንድ ጥሪ የማሽኑ ጌታ ይሆን ነበር። ለውጡ የተያዘው በዋናው መዝገብ ላይ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ምንም ስላልተገኘ ነው። ያንኑ መስመር በተራ ፓች ውስጥ ቢያገኙት ያስተውሉት ነበር ወይ ብለው ራስዎን ይጠይቁ።

የአጻጻፍ ጉዳይ ከሁሉ በኋላ ይምጣ። ታቡ 8 ቦታ ይሁን አይሁን፣ መስመሩ ይርዘም አይርዘም፣ «ቼክፓች» የተባለው ስክሪፕት ይነግርዎታል፤ ማሽን የሚያየውን ሰው ደጋግሞ መጻፉ ጸሐፊውን ከማታከት በቀር ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

አንብበው ሲጨርሱ ፓቹን በጊት አስገብተው ኮምፓይል ያድርጉ፤ የሜሞሪ ስሕተትን የሚይዘውን «ካሳን» እና የሎክ ቅደም ተከተልን የሚቆጣጠረውን «ሎክዴፕ» አብርተውም በቨርቹዋል ማሽን ያስነሡት። በአሮጌ ላፕቶፕ ሙሉ ከርነል ኮምፓይል ማድረግ ሰዓታት ይወስዳል፣ መሐል ላይም መብራት ይሄዳል፤ ስለዚህ የማያስፈልጉትን ድራይቨሮች ሁሉ አጥፍተው ትንሽ ኮንፊገሬሽን ያዘጋጁ። የተቋረጠው ኮምፓይል ካቆመበት ስለሚቀጥል ከመጀመሪያው በቀር ቀጣዮቹ ቀላል ናቸው። በዚህ በኩል የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ጊዜ በ64 ቢት ማሽኔ ላይ ብቻ ኮምፓይል አድርጌ «ገምግሜዋለሁ» ብዬ ፈረምሁ፤ በማግሥቱ ፓቹ በ32 ቢት አርም ፕሮሰሰር ላይ ሊንክ ማድረጉ (ኮምፓይል የሆኑትን ክፍሎች መገጣጠሙ) ጋ ሲደርስ እንደሚከሽፍ አውቶማቲኩ መሞከሪያ አሳወቀ። ምክንያቱ ባለ 64 ቢት ቁጥር በተራው የማካፈያ ምልክት መካፈሉ ነበር፤ በ32 ቢት ከርነል ውስጥ ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀውን «ዲቭ ዩ64» መጠቀም ያስፈልጋል። መስመሩን አንብቤዋለሁ፣ ግን አልጠየቅሁትም። ከዚያ ወዲህ የማካፈያ ምልክት ባየሁ ቁጥር ከግራው ያለው ቁጥር ስንት ቢት ነው እላለሁ።

አስተያየትዎን የሚጽፉት በኢሜይል መልስዎ ውስጥ፣ በራሱ በፓቹ መስመሮች መካከል፣ በሚመለከተው መስመር ሥር ነው፤ የማይመለከተውን ቆርጠው ያውጡት። መልሱ ለጸሐፊው ብቻ ሳይሆን ፓቹ ለደረሳቸው ሁሉ ይሂድ። በዋሸራ ወይም በዲማ የቅኔ ጉባኤ የተቀመጠ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቀዋል፤ ተማሪው ቆጥሮ ያመጣውን ቅኔ መምህሩ ሲያርም፣ በዙሪያው ያሉት ሁሉ የራሳቸውን እያረሙ ይሰማሉ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብለው የሚፈሩ ብዙዎች ቢኖሩም አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ንባቡ ካልተሳካ ክሎኩ እንደበራ የሚቀር ይመስለኛል፤ ወደ ማጥፊያው ክፍል መዝለል የለበትም ወይ?» ይህ አስተያየት ቦታውን፣ ምክንያቱንና መፍትሔውን ይዟል፤ በጥያቄ መልክ መቅረቡ ደግሞ እርስዎ ያላዩት ነገር ካለ ጸሐፊው ሳይቆጣ እንዲያስረዳ በር ይከፍትለታል። የከርነሉ ሰዎች በሻካራ አነጋገር ይታወቁ ነበር፤ ቶርቫልድስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ አነጋገሩ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ገለል ብሎ ነበር፣ በዚያው ወቅትም የሥነ ምግባር ደንብ ጸድቋል። የቀድሞው ልማድ አይማርክዎት።

የመጨረሻው ፊርማ ነው፤ እዚህ ላይ ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቁ ይገባል። ጎጃም ውስጥ መሬት ሲከራይ ወይም ገንዘብ ሲበደር እማኝ የሚጠራው ነገ ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቢቀርብ ያየውን እንዲናገር ነው። «ሪቪውድ-ባይ» ብለው ስምዎን ሲጽፉም እማኝ መሆንዎ ነው፤ በከርነሉ ደንብ መሠረት ኮዱን በቴክኒክ መመርመርዎን፣ ያገኙትን ችግር ለጸሐፊው ነግረው በመልሱ መርካትዎንና ፓቹ ይጠቅማል፣ የሚታወቅ እንከንም የለበትም ብለው ማመንዎን ይመሰክራሉ፤ ዋስትና ግን አይሰጡም። ጭነው የሞከሩት ብቻ ከሆነ «ቴስትድ-ባይ» ይበሉ፣ በየትኛው ማሽን እንደሆነም ይጨምሩ። ካነበቡት ግማሹ ብቻ ከገባዎት፣ ሎኩን እንዳላዩ ገልጸው የስሕተት መውጫውን እንደመረመሩ ይጻፉ እንጂ አይፈርሙ፤ እንዲህ ያለውን ግልጽ ቃል የክፍሉ ኃላፊዎች ከባዶ ፊርማ ይልቅ ያምኑታል።

ጸሐፊው አስተያየቱን ተቀብሎ ሁለተኛ እትም ሲልክ እንደ አዲስ ከመጀመር ይልቅ ሁለቱን እትሞች በጊት «ሬንጅ-ዲፍ» ያነጻጽሩ፤ የጠየቁት መደረጉንና ያልጠየቁት አለመጨመሩን ወዲያው ያሳይዎታል። ፓቹ በብዙ ከተለወጠ ግን የቀድሞው ፊርማዎ አብሮ ሊሄድ አይገባውም፤ ስምዎ ያላዩት ኮድ ሥር ተጽፎ ካገኙት ያንኑ ዕለት ይጻፉና ያስወጡት።