የበግ ልብ ከፍቶ ለማየት

ሃያ ምናምን ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። የልብን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሳልኩ እግዜር ይቁጠረው። ቀኙን በሰማያዊ ጠመኔ፣ ግራውን በቀይ። ተማሪው ይገለብጣል፣ ፈተና ላይ ይጽፋል፣ በሳምንቱ ይረሳል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ግንፍሌ ያለው ኮንዶሚኒየሜ የጎረቤት ልጆች ለጥናት ሲመጡ ሥዕል አልስልም፤ ቢላ ነው የምስለው።

መጀመሪያ ልቡን ማግኘት ነው። የበሬ ልብ ለማየት ጥሩ ነው፣ ግን በአንድ እጅ አይጨበጥም። የበግ ይሻላል። ለበዓል የሚያርድ ጎረቤት ካለ ቀድማችሁ አስይዙ። አራጁን አደራ የምትሉት አንድ ነገር ነው፤ ልቡን እንዳይሰነጥቀው፣ ከላይ ያሉትን ቧንቧዎችም እንዳይቆርጣቸው። እኔ የመጀመሪያውን የገዛሁት ከአንድ ሥጋ ቤት ነበር። ሰውዬው «ላስተካክልልዎት» አለና የላዩን ስብና ቧንቧ ሙልጭ አድርጎ ሰጠኝ። ለጥብስ ግሩም ነበር። ለትምህርት ግን ምንም አይሆንም።

በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት። ውስጡ የረጋ ደም ካለ በጣት ጎትታችሁ አውጡ፣ አለዚያ ቀጥሎ ያለው ሙከራ አይሠራም።

ቀኝና ግራ ብዙ ሰው ያደናግራል። የልብ ቀኝ ማለት የበጉ ቀኝ ነው፤ ፊት ለፊት ስታዩት ወደ እናንተ ግራ ይውላል። ዓይናችሁን አትመኑ፣ በጣት ጫን ጫን አድርጉት። ለስለስ ብሎ የሚሰረጉደው ቀኙ ነው። ጠጠር ያለው ግራው ነው። ከታች ያለው ሹል ጫፍም የግራው ነው።

አሁን ሳትቆርጡ ውሃ። ቀኙም ግራውም የላይኛና የታችኛ ክፍል አላቸው፤ በግራው በኩል ባለው የላይኛው ክፍል ቀዳዳ ውሃ ሙሉበት። ከዚያ ልቡን ከጫፉ ጀምራችሁ ወደ ላይ በጭብጣችሁ ጭመቁት። ትንሽ ያንጠባጥብ ይሆናል፣ አብዛኛው ግን በገባበት አይመለስም። አኦርታ በሚባለው ወፍራም፣ ነጣ ያለ ቧንቧ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ባለፈው ፋሲካ የሦስተኛ ፎቋ ልጅ በሁለት እጇ ስትጨምቀው የባለቤቴ ነጠላ ላይ አረፈ። እስካሁን ይነሳብኛል።

እዚያው አኦርታው ላይ ከላይ ውሃ አፍስሱበት። ይቆማል። ሦስት ትንንሽ ኪስ የሚመስሉ ስስ በሮች ተነፋፍተው ዘግተውታል። ደረት ላይ ጆሮ ሲጣል የሚሰማው «ዱብ ዱብ» የበሮች መዘጋት ነው። የመጀመሪያው ዱብ በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያሉት ሲዘጉ፣ ሁለተኛው እነዚህ የመውጫ በሮች ሲዘጉ።

ከዚያ መቀስ። ቀኙን ወደ ሳምባ ከሚሄደው ደም ቅዳ ጀምራችሁ ወደ ታች ክፈቱት፤ እንደ ወፍራም ጨርቅ ይቆረጣል። ግራው ግን ቢላ ይፈልጋል። የሁለቱን ግድግዳ ጎን ለጎን አድርጋችሁ በማስመሪያ ለኩ። ግራው የቀኙን ሦስት እጥፍ ገደማ ይወፍራል።

ለምን? ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም። ምድር ቤት ውሃ ሲመጣ ያለ ፓምፕ ይደርሳል፣ አምስተኛ ፎቅ ግን ጠንካራ ፓምፕ ይጠይቃል። የቀኙ ታችኛ ክፍል ደም የሚልከው አጠገቡ ወዳለው ሳምባ ነው። ግራው ከጭንቅላት እስከ እግር ጣት ያዳርሳል። ግፊታችሁን ስትለኩ 120 በ80 ሲባል፣ 120ው ግራው ሲጨመቅ የሚፈጥረው ግፊት ነው። ቀኙ 25 ገደማ ይበቃዋል።

ያቺው የነጠላዋ ልጅ ታዲያ «ቲቸር፣ መጀመሪያ የሚጨመቀው የትኛው ነው?» አለችኝ። መጽሐፉ የደሙን ጉዞ በተራ በተራ ስለሚያስረዳ፣ ልቡም በተራ የሚሠራ ይመስላል። አይደለም። ሁለቱ አብረው ነው የሚጨመቁት፣ በአንድ ምት። የሚልኩትም መጠን እኩል ነው፤ ዐዋቂ ሰው ዕረፍት ላይ ሲሆን በየምቱ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ አንድ የቡና ሲኒ በሉት። በደቂቃ 70 ጊዜ ከመታ አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ነው። እኩል መሆን አለበት። ግራው ደክሞ ቀኙ እንደ ልማዱ ከላከ ደሙ የሚጠራቀመው ሳምባ ላይ ነው። ልባቸው የደከመ ሰዎች ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ ትራስ ደራርበው የሚተኙት ለዚህ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለውን ግድግዳ በሁለት ጣት ያዙት። የጥንቱ ሐኪም ጋለን እዚህ ላይ የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ፣ ደም ከቀኝ ወደ ግራ በዚያ ያልፋል ብሎ ነበር። ከሺህ ዓመት በኋላ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን፣ ኢብን አል-ነፊስ የሚባል ሐኪም ግድግዳው ድፍን ነው፣ ደሙ በሳምባ ዞሮ ነው የሚመጣው አለ። እናንተም ፈልጉ፣ ቀዳዳ የለም።

ሳትዘጉት በታችኛው ክፍል ውስጥ ያሉትን ነጫጭ ክሮች ሳብ አድርጓቸው። አንድ ጫፋቸው በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ባለው በር ላይ፣ ሌላው ግድግዳው ላይ ባለ የጡንቻ ጉብታ ታስሯል። ቀጭን ናቸው ግን በቀላሉ አይበጠሱም። በሩ በግፊቱ ወደ ላይ እንዳይገለበጥ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ሩማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም በሮቹንና እነዚህን ክሮች ነው የሚያኮማትረው። መነሻው ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ነው፤ ስለዚህ ለልጅ የቶንሲል መድኃኒት ከታዘዘ ሻል ሲለው አታቋርጡ።

ሲያልቅ መቀሱንና ጠረጴዛውን በበረኪና ጥረጉ። ልቡ ለጥብስ ይሆናል የሚል አይጠፋም። እኛ ቤት ግን ስድስት ልጅ ከነካካው በኋላ ለግቢው ድመት ነው የሚሰጠው።