ለክረምት ቲማቲም ከሥሩ ጭድ አንጥፉለት

በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የቲማቲማችሁ የታችኛው ቅጠል ቡናማ ነጥብ እያወጣ፣ ቢጫ እየሆነ፣ ድርቀቱም ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ ይህን ሞክሩ። በሠፈር ሆነን በጋራ በምናለማው ቦታ ሁለት መደብ ለይተን አይተነዋል። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መጀመሪያ አረሙን ንቀሉ። ከዚያ ከመሬት እስከ አንድ ስንዝር ድረስ ያለውን ቅጠል ቀንጥሱ። ቀጥሎ የጤፍ ወይም የስንዴ ጭድ 4 ጣት ያህል አወፍራችሁ አንጥፉ። ግንዱን ግን እንዳይነካ ዙሪያውን ክፍት ተዉለት፤ እርጥብ ጭድ የተደገፈበት ግንድ ይበሰብሳል።

ነገሩ ቀላል ነው። ይህን በሽታ የሚያመጣው ፈንገስ ከአምናው ቅጠል ጋር አፈር ውስጥ ይቆያል። ዝናቡ መሬቱን ሲመታ ጭቃው ተፈናጥሮ ቅጠሉ ላይ ያርፋል፣ በሽታውም አብሮ ይወጣል። ጭዱ ያንን ፍንጥርጣሪ ያስቀረዋል። የታችኛው ቅጠል ሲነሳ ደግሞ ነፋስ ስለሚገባ የተክሉ እርጥበት ቶሎ ይደርቃል።

ቅንጠሳውን ጠዋት በጤዛ አትሥሩ፤ እርጥብ ቅጠል የነካ እጅ በሽታውን ከተክል ወደ ተክል ያዞራል። ረፋድ ላይ ይሻላል።

ውሃ የሚያቁር መሬት ከሆነ ጭዱን አትቸኩሉበት፣ መጀመሪያ ቦይ አውጡ። ቀንድ አውጣ የበዛበት ቦታ ላይም ይቅርባችሁ፤ ጥሩ መደበቂያ ይሆነዋል። ቅጠሉ በሰፊው ጠቁሮ ከጀርባው ነጭ ሻጋታ ካሳየ ግን ያ በነፋስ የሚመጣው፣ ድንችንም የሚያጠቃው በሽታ ነው። እሱን ጭድ አያቆመውም። ተክሉን ነቅላችሁ ከማሳው አርቁት።